የእማዬ አምሮት

አንገቴ ላይ፣ ከግራ ጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ምልክት አለ። መጠኑ አንዲት ፕሪም ያህላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እማዬ ፀጉሬን ገለጥ አድርጋ ታሳያለች። «ይኸውላችሁ» ትላለች፣ «የዚህ ሰውዬ ሥራ ነው። እሷን አርግዤ ፕሪም አማረኝ፤ ከተማውን ሙሉ ዞሮ ምን ይዞልኝ ቢመጣ ጥሩ ነው? ማርማላታ!» እንግዳው ይስቃል፣ አባዬ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ እኔ ፀጉሬን እመልሳለሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ፋርማሲስት ነኝ፣ ሰፈሩ ያከብረኛል። ቤቴ ስገባ ግን ማስረጃ ነኝ።

አምሮት ልጅ ላይ ምልክት እንደማይጥል በትምህርቴ አውቃለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ለእማዬ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። እማዬ ሠላሳ አራት ዓመት አዋላጅ ነበረች። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝና፣ «አንቺ ስንት ልጅ አዋልደሻል?» አለችኝ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ማርማላታው የመጣ ቀን፣ አባዬ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እርግዝና ሆኖባት ነው እንጂ እማዬ እንባ የሚቀናት ሴት አይደለችም። አባዬ ደነገጠና፣ «አይዞሽ፣ ከገዛ ግቢሽ ቀጥፈሽ ትበያለሽ» አላት። ይህን ሲል የሚኖሩት በአንድ የኪራይ ክፍል ነበር፤ ግቢ ይቅርና አበባ የሚተከልበት ጣሳ እንኳን አልነበራቸውም። እሷ ግን ቃሉን ያዘች። ፕሪም በየጊዜው ገበያ ይወጣል፣ እኔም ገዝቼ አመጣለሁ፤ አትነካውም። «የኔ ከግቢዬ ነው የሚመጣው» ትላለች። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፣ ስትደጋግመው ስትደጋግመው እልህ ሆነ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። «ነበር» ስል ከሰማኝ ይከፋዋል። ይህን ቤት ከሠሩ በኋላም ሱቁ ፋታ አልሰጠውም። የዛሬ ስድስት ዓመት ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተው ሱቁን ዘጋና፣ የስፌት መኪናውንና ትልቁን የመቁረጫ ጠረጴዛ አምጥቶ ምድር ቤት ያለችው ክፍል ውስጥ አስገባቸው። በማግስቱ ጠዋት ወጥቶ አንድ የፕሪም ችግኝ በብብቱ ሸጉጦ ተመለሰ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ምን አስቸኮለህ?» አለችው።

ግቢያችን ጠባብ ነው። ሁለት አንሶላ ጎን ለጎን ከተሰጣ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። አባዬ ዛፉን መሀሉ ላይ ተከለውና ደንበኛው አደረገው። በየዓመቱ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣና ይለካዋል። በልኬት ደብተሩ ውስጥ የራሱን ገጽ ሰጥቶት «ቁመት፣ ወገብ፣ እጅ» እያለ ይጽፍለታል። እጅ የሚለው ቅርንጫፉን ነው። የደረቀውን የሚቆርጥለት በጨርቅ መቀሱ ነው፤ እኔ በልጅነቴ በዚያ መቀስ ወረቀት ቆርጬበት ሦስት ቀን አኩርፎኛል።

ዛፉም አላሳፈረውም፣ ተመዘዘ። በሁለተኛው ዓመት አበበ። አበባው ቅጠሉን ቀድሞ ይፈነዳና ግቢውን ነጭ በነጭ ያደርገዋል። አባዬ ወንበር አውጥቶ ሥሩ ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አበባው ይረግፋል፣ አንድም ፍሬ አይዝም። እማዬ የረገፈውን እየጠረገች፣ «ዘንድሮም ሙሽራ ሆኖ ቀረ» ትላለች። አራት ጊዜ አበበ፣ አራቱንም ጊዜ ሙሽራ ሆኖ ቀረ።

ነገሩ የመረረው የእማዬ ጉልበት እምቢ ሲላት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው እስኪወለድ ቆማ የጠበቀችበት ጉልበት ነው፣ ቢደክመው አይፈረድበትም። ሐኪሙ የራጁን ፊልም መብራት ላይ ሰቅሎ አየና፣ «ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር ይቅርብዎት» አላት። የእማዬ መኝታ ቤት ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው አሥራ አራት ነው። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ትቆምና፣ «ምነው ዝም አላችሁ፣ ተጫወቱ እንጂ!» ትላለች። ትንፋሿ እንዳይሰማን ነው።

ምድር ቤት ያለው ሳሎን፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ ቤትና የአባዬ የስፌት ክፍል ነው። መፍትሔው የት እንዳለ ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አባዬ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ቢበዛ በወር አንድ ሱሪ ማሳጠር ነው፤ ሌላውን ቀን የተተኮሰ ሱሪ መልሶ ይተኩሳል። እኔ አፌ አያርፍም፣ አንድ ቀን እራት ላይ ልናገር ከንፈሬን ስከፍት እማዬ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን መዠለገችኝ። ኩሽና አስገብታ ምን አለችኝ? «ሱቁን ጊዜ ቀማው። ይቺን ክፍል ደግሞ እኔ ልቀማው? ጠዋት ተነስቶ የሚገባበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ እንዳታነሺያት።»

ስለዚህ ግቢው ላይ አንድ ክፍል እንዲሠራ ወሰነች። ግንበኛው መጣ። ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ ሰው ነው። ግቢውን በእርምጃው ለካ፣ የሳሎኑን ግድግዳ መታ መታ አደረገ፣ በመጨረሻ ፕሪሙ ሥር መጥቶ ቆመ። ዛፉ ሊያብብ እምቡጡ አብጦ ነበር። «ክፍሉ እዚህ ነው የሚያርፈው። ይሄ ዛፍ ይነሳል» አለ። ሌላ ሥራ ስለያዘ የሚመለሰው ከአራት ወር በኋላ እንደሆነም ነገረን።

አባዬስ ምን ይበል? ዛፍ ከሚስቴ ጉልበት ይበልጥብኛል አይል ነገር። እጁን ግንዱ ላይ አድርጎ ብቻ ቀረ። እማዬ አየችው፣ አየችውና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በል ስማ» አለችው። «ግንበኛው እስኪመለስ ከዚህ ዛፍ አንዲት ፍሬ ከበላሁ ዛፉን ማንም አይነካውም። ደረጃውን በቂጤም ቢሆን እወጣዋለሁ። ካልበላሁ ግን ይቆረጣል፣ ማኩረፍ የለም።»

«ቃልሽ ነው፣ እሜቴ?» አላት። ሆድ ሲብሰው እሜቴ ይላታል።

«እኔ እኮ ማርማላታ አምጥቼ አላውቅም» አለችው።

የኔ ሥራ ሰው የማያነበውን ወረቀት ማንበብ ነው። መድኃኒቱን ከካርቶኑ ያወጣሉ፣ ወረቀቱን ይጥላሉ፣ ከዚያ መጥተው «አልሠራልኝም» ይሉኛል። ባለፉት ዓመታት ዛፉ መቼ መቼ እንዳበበ ለማየት የአባዬን የልኬት ደብተር ስከፍት፣ በዛፉ ገጽ መሀል አንድ የተጣጠፈ ብጫ ወረቀት አገኘሁ። ከችግኙ ጋር የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፤ «ይህ የፕሪም ዓይነት ብቻውን አያፈራም። በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዓይነት ፕሪም አጠገቡ ይተከል።» ደሜ ፈላ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለደብተር ምልክት ሆኖ ተቀምጧል!

ወደ ስፌት ክፍሉ ስገባ አባዬ ትናንት የተኮሰውን ሱሪ እየተኮሰ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ወረቀት።»

«አንብበኸዋል?»

«ምን ያስነብበኛል፣ ችግኝ ሻጩ በአፉ ነግሮኛል። ሁለት ውሰድ አለኝ።»

«እና?»

ካውያውን አቆመው። «አንቺ ልጅ፣ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ምን ስል ነው የኖርኩት? ኮቱን ለክቼ ስጨርስ ‹ሱሪው ሁለት ይሁን፣ ሱሪ ቶሎ ያልቃል፣ ኮቱ ብቻውን እንዳይቀር› እላለሁ። አንድ ሱሪ የሚበቃው ሰው ሁለት አሰፍቶ ይሄዳል። እንግዲህ ሰውዬው ‹ሁለት ውሰድ፣ ብቻውን አይሆንም› ሲለኝ ሳቄ መጣ። ይቺንማ እኔ ነኝ የማውቃት ብዬ አንዱን ይዤ መጣሁ።»

ልቆጣው ነበር የገባሁት። ነገር ግን አስቡት፤ ከተማውን ሁሉ በሁለተኛ ሱሪ ያሞኘ ሰው፣ አንድ ጊዜ እውነት ቢነገረው አላምንም አለ። ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስድስቱን ዓመት በኔ ብልጠት እንደጠበቀች ካወቀች…» አልጨረሰውም።

ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። ችግኝ ሻጩ አሁንም እዚያው ነው። ሁለተኛ ችግኝ ተክሎ ለዘንድሮ ማድረስ እንደማይቻል ነገረኝ፤ ነገር ግን መላ አለው። ከሌላ ዓይነት ፕሪም አበባ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አድርጎ፣ ዛፉ ላይ ማንጠልጠል ነው። «ሌላውን ንቦቹ ይጨርሱታል። ግን ዛሬ ነገ አትበይ፣ እህቴ፣ አበባ ቀጠሮ አያውቅም» አለኝ።

በእኛ ሰፈር አበባ ላይ ያለ ሌላ ዓይነት የፕሪም ዛፍ አንድ ብቻ ነው። እሱም የባለመስታወቱ ነው።

ባለመስታወቱ እንደ አባዬ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው አባዬ ነው። ሱቃቸው ከአባዬ ሱቅ ፊት ለፊት ነበር፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ትልቅ፣ ሰው ሙሉውን የሚያሳይ መስታወት ገዝተው በራቸው ላይ አቆሙ። የአባዬ መስታወት ትንሽ ነበረች፣ ደንበኛው የሚያየው ከደረቱ በላይ ነው፤ የቀረውን አባዬ በአፉ ይነግረዋል። አሁን ግን ደንበኛው አዲሱን ልብስ ለብሶ፣ ተደስቶ ሲወጣ፣ መንገዱ ማዶ ራሱን ሙሉ ያያል። ዞር ይልና ጀርባውን ያያል። ከዚያ ወደ አባዬ ይመለሳል። «ከኋላው ምነው እንዲህ ተነሳ?» ይላል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ አልተለዋወጡም።

«ከእሱ አበባ ከምለምን ዛፉን ራሴ ብገነድሰው ይሻለኛል» አለ አባዬ።

«እንግዲያው መጥረቢያ ላምጣልህ» አልኩት። እኔም የሱው ልጅ ነኝ። «ወይ ደግሞ ገብተህ ለእማዬ ስለ ሁለተኛው ሱሪ ንገራት።»

ካውያውን ነቀለ። ኮቱን ለበሰ፣ መቀሱን ኪሱ ከተተና ወጣ። ምን እንደሚናገር ስላላመንኩት ተከተልኩት።

በሩን የከፈቱት ባለመስታወቱ ራሳቸው ናቸው። ወፍረዋል፣ ፀጉራቸውም አልቋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አባዬ፣ «አበባ ፈልጌ ነው» አለ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«አበባ?» አሉ ባለመስታወቱ።

«የፕሪም። ለኔ አይደለም። ለሷ ነው።»

ባለመስታወቱ መንታ ሴት ልጆች አሏቸው። ሁለቱንም የተቀበለቻቸው እማዬ ናት፤ አንደኛዋ በእግሯ ነበር የመጣችው። ለምን፣ ለምንድነው፣ ብለው ሳይጠይቁ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፣ ገብተውም የራሳቸውን የጨርቅ መቀስ ይዘው መጡ። ከዚያ ሁለቱ ዛፉ ሥር ቆመው ሩብ ሰዓት ያህል ተነታረኩ።

«በሰያፍ ቁረጠው፣ ውኃ እንዲስብ» አሉ ባለመስታወቱ።

«ደግሞ መቁረጥ አስተምረኝ እንጂ!»

«ያኔ ብትማር ጥሩ ነበር።»

ያ ትልቅ መስታወት በረንዳቸው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አባዬ አበባውን ታቅፎ ሲወጣ በፊቱ አለፈ። ባለመስታወቱ መስታወቱን አዩ፣ አባዬን አዩ።

«ኮቱን ራስህ ነህ የሰፋኸው?»

«ሌላ ማን ይሰፋልኛል?»

«ከኋላም ልክ ነው» አሉ።

አባዬ መንገዱን ሙሉ አበባውን ታቅፎ ቀጥ ብሎ ሄደ። በራችን ላይ ስንደርስ ቆመና፣ «ሰማሽው?» አለኝ።

«ሰማሁት።»

«ልክ ነው አለ እኮ» አለና በሩን በእግሩ ገፋው።

ዛፋችን ማበብ ጀምሮ ነበር፤ ባልዲውን መሀለኛው ቅርንጫፍ ላይ አሰርነው። እማዬ ከፎቅ መስኮቱን ከፈተች።

«ዛፉ ላይ ባልዲ ምን ይሠራል?»

«ውኃ እያጠጣሁት ነው!» አለ አባዬ።

«ከላይ?»

«አዲስ ዘዴ ነው።»

«ስትዋሽ ጆሮህ እንደሚቀላ ከዚህ ይታየኛል» አለችና መስኮቱን ዘጋችው። ነገር ግን ወንበሯን መስኮቱ አጠገብ ማስጠጋቷን በኋላ አየሁ።

ሁለት ቀን ብርድና ንፋስ ሆነ፤ አንድ ንብ ዝር አላለም። አባዬ ምግብ አልበላ አለ። ሥራ ቦታ ሳለሁ ይደውልልኛል፤ ዕቃ ጠያቂ መስሎኝ ሳነሳው «አልመጡም» ብሎ ይዘጋዋል። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ፣ ድምፁ ሳይሰማኝ በፊት ጉምጉምታ ሰማሁ። ስልኩን አበባው መሀል አስገብቶት ነው። አንድ ደንበኛ የሳል ሽሮፕ እየጠበቀ፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ንብ አዳምጥ ነበር።

ዛፉ ዘንድሮ ያዘ። አበባው ሲረግፍ ከምስር የማይበልጡ አረንጓዴ ፍሬዎች ቀሩ፤ አባዬ አሥራ ዘጠኝ ቆጠረ። እማዬ በምርኩዟ ወጥታ በዓይኗ ጎርጉራ አየቻቸውና፣ «ገና ነው፣ ብዙ አትደሰት» አለችው፤ ፅንስ ሁሉ እንደማይጸና ስለምታውቅ ነው። እንዳለችውም ሆነ። ገሚሱ በራሱ ጊዜ ረገፈ፣ ንፋስ የወሰደውን ወሰደ፣ ወፍ የቀመሰውን ቀመሰ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንዲት ብቻ ቀረች። አባዬ ከመጋረጃ ትርፍ ስስ ጨርቅ ከረጢት ሰፋላትና አለበሳት። ዓይኑ ክር ማስገባት የማይችለው ሰውዬ ለከረጢቷ የቁልፍ ቀዳዳ ሠርቶላት ነበር። አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ። እኔ ያን ቁልፍ ባየሁ ቁጥር፣ ስንት ሰዓት ፈጅቶበት ይሆን እላለሁ።

በዓለም ላይ ከቀጠሮው ቀድሞ የመጣ ግንበኛ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የኛው መጣ። ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት ወሩ ሳይሞላ፣ ገና ሁለት ወር ተኩል ሲሆን፣ ችንካሩንና ገመዱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ያኛው ሥራ ተሰረዘብኝ፤ እንደውም ለናንተ ጥሩ ሆነ» አለ ፈገግ ብሎ። ገፍትሬ ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

«ሌላ ጊዜ ብትመለስስ?» አልኩት።

«ዛሬ ካልጀመርኩ ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል፣ እህቴ፤ ከዚያ እንግዲህ የሚመጣው ዓመት ነው።»

እማዬ ሳሎኑ በር ላይ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። አባዬን አየሁት። ፕሪሟ ለመብሰል ቢያንስ አንድ ወር ተኩል ይቀራታል፤ ገና አረንጓዴ ናት፣ ጠጠር ናት። የሚመጣው ዓመት ድረስ ደግሞ እማዬ ያን ደረጃ እንድትወጣ ሊጠይቅ አይችልም። የዚያን ሰሞን አሥረኛው ላይም መቆም ጀምራ ነበር። የግንበኛው መዶሻ የመጀመሪያውን ችንካር መሬት ውስጥ ሲያስገባው አባዬ እንደ መደንገጥ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሥራህን ሥራ፣ ልጄ» አለውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልለመነም፣ አልተከራከረም። አርባ ዓመት ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። ትከሻው ከኋላ ሲታይ ኮቱ ውስጥ አነሰ።

እማዬ ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። ልደግፋት ስል በክንዷ ገፋ አደረገችኝ። ሁለቱን የበረንዳ ደረጃዎች ወረደች፣ በግንበኛው ገመድ ላይ ተሻገረች፣ ዛፉ ሥር ደረሰች። የከረጢቷን ቁልፍ ፈታች። ፕሪሟ አልለቅ ብላት ጠምዘዝ አድርጋ ቀጠፈቻትና ነከሰቻት።

ድምፁ ጥሬ ካሮት ሲሰበር ይመስል ነበር። አንድ ዓይኗ ተጨፈነ። ከዚያ ሌላኛው። አባዬ ዞረ። «እሜቴ! አልበሰለችም እኮ! ኧረ ትፊው፣ አፈር ስሆን!» እማዬ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። አኘከች። ዋጠች። ደግሞ ነከሰች። ግንበኛው መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ሙሉዋን በላቻት፣ እንባዋ እየወረደ፣ አንዳች ሳታስቀር። ዘሯን እጇ ላይ ተፋችና ለግንበኛው አሳየችው።

«ከዚህ ዛፍ አንዲት ከበላሁ አይነካም ብያለሁ፤ በላሁ። ገመድህን ጠቅልል።»

«እንዲህ አይደለም እኮ ያልኩሽ» አለ አባዬ። «ጣፋጭ ልሰጥሽ ነበር። ቀይ፣ ጣፋጭ።»

«ያኔ ያማረኝ የበሰለ መስሎሃል?» አለችው እማዬ። «ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ጥሬው ነበር ያማረኝ። ጥሬ፣ ጎምዛዛ፣ እንዲህ ያለው።»

አባዬ ሄዶ በሁለት እጁ ፊቷን ያዘና እንባዋን በአውራ ጣቱ ጠረገላት። ሰው ፊት እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ትቷት ወደ ቤት ገባ።

ከስፌት ክፍሉ የሚጎተት ዕቃ ድምፅ ሰማን። አንድ ነገር ወደቀ። ከዚያ ጭንቅላቱ በበሩ ወጣ፣ ለግንበኛው ነው፤ «አንተ፣ ከመጣህ አይቀር በዚህ በኩል ያዝልኝ!» የመቁረጫ ጠረጴዛው በበሩ አልወጣ ብሎት ነበር። ሁለቱ ሆነው በጎኑ አዞሩት፣ እግሮቹን በየተራ አወጡ፣ ግቢ አምጥተው ፕሪሙ ሥር አቆሙት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው እማዬ።

«ክፍልሽን እያጸዳሁ።»

«አንተስ የት ትሰፋለህ?»

«እዚህ። ብርሃኑም እዚህ ይሻላል።»

«ዝናብ ሲመጣስ?»

«ዝናብ ሲመጣ አልሰፋም» አለና ላቡን ጠረገ። «ምን፣ ሰው ተሰልፎልኛል?»

እማዬ ምርኩዟን ጣለችና በጠረጴዛው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ማርማላታው ከመጣ ወዲህ ያን ያህል ስታለቅስ ያየናት ያን ቀን ነው። እኔም ብሆን አላስቻለኝም። ግንበኛው ብቻ ነው ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው አልጋውንም ከፎቅ ያወረደልን።

ከሰዓት በኋላ በአዲሱ ክፍሏ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ጠራችኝ። «በሩን ዝጊው» አለች። «ለሆድ ቁርጠት ምን አለሽ?»

መድኃኒቱን ከውኃ ጋር ሰጠኋት፣ እንደ ልማዴ አወሳሰዱን ነገርኳት። ከዚያ አልቻልኩም፤ «እማዬ፣ እውነትሽን ነው፣ ያኔ ያማረሽ ጥሬው ነበር?» አልኳት።

ብርጭቆውን መለሰችልኝ። «አንቺ ስንቴ አርግዘሻል?» አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከመስኮቱ ውጭ አባዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጠረጴዛው ላይ ቅጠል ይጠርግ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሁለተኛውን ችግኝ ይዞ መጣ። ግንበኛው ረስቶት በሄደው ችንካር አጠገብ ተከለው፣ በጨርቅ ጠርዝም ከችንካሩ ጋር አሰረው፣ በደብተሩም ላይ አዲስ ገጽ ሰጠው። እማዬ በመስኮቷ፣ «ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?» ብላ ጠየቀችው። አባዬ ጆሮው ቀላ። ስለ ሁለቱ ሱሪ ሁሉንም ነገራት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። እማዬ ጉልበቷን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ያላገባ ዛፍ አበባ ስጠርግ ኖርኩ በለኛ!» አለችው።

በሚቀጥለው እሑድ ባለመስታወቱ እንግዳ ሆነው መጡ። ገና ከመቀመጣቸው እማዬ ፀጉሬን ገለጥ አደረገች። «ይኸውልዎት፣ የዚህ ሰውዬ ሥራ ነው። እሷን አርግዤ ፕሪም አማረኝ። ከተማውን ሙሉ ዞሮ ማርማላታ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ…» አለችና ቆመች። «ከዚያ ከገዛ ግቢዬ አበላኝ።»

«እንዴት ነበረች?» አሉ ባለመስታወቱ።

«ማር» አለች እማዬ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

አባዬን አየሁት። ጣሪያ ጣሪያውን አላየም። እኔም ፀጉሬን ቶሎ አልመለስኩም።